ከግፊቱ ቁጥር ባሻገር፦ በሳንባ ደም ግፊት ሕመም የቀኝ ልብን ብቃት በአልትራሳውንድ መገምገም

መግቢያ

የሳንባ ደም ግፊት ያለበት ሕመምተኛ የልብ አልትራሳውንድ ሲደረግለት የብዙዎቻችን ዓይን በመጀመሪያ የሚያርፈው በሪፖርቱ ላይ በተጻፈው የግፊት ቁጥር ላይ ነው። ቁጥሩ ካለፈው ምርመራ ከፍ ብሎ ሲገኝ እንሰጋለን፤ ዝቅ ብሎ ሲገኝ ደግሞ ሕክምናው እንደሠራ አድርገን እንወስዳለን። ይሁን እንጂ የሕመምተኛውን የዕለት ተዕለት አቅምና የዕድሜውን ርዝመት በዋነኛነት የሚወስነው የግፊቱ መጠን ብቻውን ሳይሆን ያንን ግፊት ተሸክሞ ደምን ወደ ሳንባ የሚገፋው የቀኝ ልብ ብቃት ነው። ከዚህም በላይ፣ የቀኝ ልብ እየደከመ ሲሄድ የግፊቱ ቁጥር ራሱ ሊቀንስ ስለሚችል፣ ውድቀት እንደ መሻሻል ተቆጥሮ ሊታለፍ ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የቀኝ ልብን አሠራር በአልትራሳውንድ ለመገምገም የሚያገለግሉ መለኪያዎችን፣ ትርጉማቸውንና ውስንነታቸውን ለጤና ባለሙያዎች ማስረዳት ነው።

የሳንባ ደም ግፊት ምንነት

የሳንባ ደም ግፊት መኖሩ በእርግጠኝነት የሚረጋገጠው በቀኝ ልብ ካቴተር ምርመራ ነው። ለረጅም ዓመታት ሕመሙ አለ የሚባለው በዕረፍት ላይ ያለ ሰው አማካይ የሳንባ ደም ቅዳ ቧንቧ ግፊት 25 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 በኒስ ከተማ የተካሄደው ስድስተኛው የዓለም የሳንባ ደም ግፊት ጉባኤ ይህን ወሰን ከ20 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በላይ ወደሚል ዝቅ እንዲል ሐሳብ አቀረበ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የአውሮፓ የልብና የመተንፈሻ አካላት ሕክምና ማኅበራት የጋራ መመሪያም ይህንኑ ተቀብሏል።

ሕመሙ እንደ መነሻው በአምስት ምድቦች ይከፈላል። እነርሱም የሳንባ ደም ቅዳ ቧንቧዎች ራሳቸው የሚታመሙበት፣ ከግራ ልብ ሕመም የሚመጣ፣ ከሳንባ ሕመምና ከኦክስጅን እጥረት የሚመጣ፣ በረጋ ደም ምክንያት የሳንባ ደም ቅዳ ቧንቧዎች ሲዘጉ የሚከሰት፣ እንዲሁም ግልጽ ያልሆኑ ወይም የተለያዩ መነሻዎች ያሉት ናቸው። ምድቡን መለየት የሕክምናው መሠረት ስለሆነ ከግፊቱ ልኬት ባላነሰ ሁኔታ ትኩረት ይሻል።

የቀኝ ልብ ልዩ ባሕርይ

በጤናማ ሰው የሳንባ የደም ዝውውር ተቃውሞ ከሌላው ሰውነት የደም ዝውውር ተቃውሞ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። በመሆኑም የቀኝ ቬንትሪክል ግድግዳ ስስ ነው፤ በመጠኑ ብዙ ደም ለመቀበል የተመቸ ቢሆንም ድንገተኛ የግፊት ሸክምን ለመቋቋም አቅሙ አነስተኛ ነው። ግፊቱ ቀስ በቀስ የሚጨምር ከሆነ ግን ግድግዳው እየወፈረ፣ የመኮማተር ኃይሉም እየጨመረ ሸክሙን ለተወሰነ ጊዜ ይቋቋማል። ይህ የመላመድ አቅም ሲሟጠጥ ቬንትሪክሉ ይሰፋል፤ ትራይከስፒድ ቫልቭ በሚገባ መግጠም ያቅተዋል፤ በእያንዳንዱ ምት ወደ ሳንባ የሚረጨው ደም ይቀንሳል፤ ደም ወደ ኋላ እየተጠራቀመ ጉበት ያብጣል፤ እግርም ይነፋል።

ከግራው ቬንትሪክል በተለየ የቀኙ ቅርጽ ግራውን እንደ ጨረቃ ግማሽ የታቀፈ ስለሆነ ይዞታውን በቀላል የሒሳብ ቀመር ማስላት አይቻልም። ስለዚህ ለግራ ልብ የለመድነውን ዓይነት አንድ የብቃት መቶኛ በተለመደው አልትራሳውንድ ለቀኝ ልብ መስጠት አስተማማኝ አይደለም። ብዙ መለኪያዎችን አቀናጅቶ ማንበብ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ግፊቱ እንዴት ይገመታል?

እ.ኤ.አ. በ1984 ዮክና ፖፕ የተባሉ ተመራማሪዎች በትራይከስፒድ ቫልቭ በኩል ወደ ኋላ የሚመለሰውን ደም ፍጥነት በዶፕለር በመለካት የቀኝ ቬንትሪክልን ግፊት መገመት እንደሚቻል አሳዩ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ ውጤቱ በ4 ሲባዛ በቀኝ ቬንትሪክልና በቀኝ ኤትሪየም መካከል ያለውን የግፊት ልዩነት ይሰጣል። በዚህ ላይ የቀኝ ኤትሪየም ግፊት ግምት ይደመራል። ይህ ግምት የሚገኘው ከታችኛው ዋና ደም መልስ ቧንቧ ነው። ቧንቧው 21 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ሆኖ ሕመምተኛው አየር በአፍንጫው ሲስብ ከ50 በመቶ በላይ የሚሸበሸብ ከሆነ 3፣ ከ21 ሚሊ ሜትር በላይ ሆኖ ከ50 በመቶ በታች ከተሸበሸበ 15፣ በመካከል ላለው ደግሞ 8 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይወሰዳል።

ስሌቱ ቀላል ቢሆንም ስሕተትን ያባዛል። ፍጥነቱ 3.0 ሜትር በሰከንድ ከሆነ የግፊት ልዩነቱ 36 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይሆናል፤ በአለካክ ስሕተት 3.4 ተብሎ ቢመዘገብ ግን ወደ 46 ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ ጥናት የአልትራሳውንድ ግምት ከካቴተር ልኬት ጋር ሲነጻጸር ግማሽ ገደማ በሚሆኑት ሕሙማን ላይ ከ10 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በላይ ልዩነት እንዳለው አሳይቷል። በዚህ ምክንያት የ2022ቱ መመሪያ ሕመሙ የመኖሩን ዕድል ለመገመት ከተሰላው ግፊት ይልቅ የተለካውን ፍጥነት በቀጥታ መጠቀምን ይመርጣል። ፍጥነቱ 2.8 ሜትር በሰከንድ ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ወይም መለካት ሳይቻል ሲቀር፣ ሌላ ምልክት ከሌለ ዕድሉ ዝቅተኛ፣ ሌሎች ምልክቶች ካሉ ግን መካከለኛ ነው። ከ2.9 እስከ 3.4 ሲሆን ያለ ሌላ ምልክት መካከለኛ፣ ከሌሎች ምልክቶች ጋር ከፍተኛ ነው። ከ3.4 በላይ ሲሆን በራሱ ከፍተኛ ነው።

ልኬቱ ትክክለኛ እንዲሆን የዶፕለር ጨረሩ ከደሙ ፍሰት አቅጣጫ ጋር ትይዩ መሆን አለበት። ለዚህም አንድ ቦታ ላይ ብቻ ሳይወሰኑ ከልብ ጫፍ፣ ከደረት አጥንት ጎንና ከጎድን አጥንት በታች ሞክሮ ከፍተኛውን ግልጽ ፍጥነት መውሰድ ያስፈልጋል። ደብዛዛውን የምስሉን ጠርዝ ተከትሎ መለካት ግፊቱን ያጋንናል። የልብ ምቱ የተዛባ ከሆነ የበርካታ ምቶች አማካይ ይወሰዳል። የሳንባ ቫልቭ ጥበት ያለበት ሰው ላይ ደግሞ የቀኝ ቬንትሪክል ግፊት የሳንባ ደም ቅዳ ቧንቧን ግፊት እንደማይወክል መዘንጋት የለበትም።

ቁጥሩ የሚያሳስትበት ጊዜ

ነጥቡን ግልጽ ለማድረግ ለማስተማሪያ የተዘጋጀ ምሳሌ እንውሰድ። የሳንባ ደም ቅዳ ቧንቧ ሕመም ያለባት የ34 ዓመት ሴት በመጀመሪያው ምርመራ የደም መመለሻ ፍጥነቷ 4.2 ሜትር በሰከንድ ነበር። የግፊት ልዩነቱ 71 ሲሆን የኤትሪየም ግምት 8 ሲደመርበት ሲስቶሊክ ግፊቱ 79 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይሆናል። ከስድስት ወር በኋላ ፍጥነቱ ወደ 3.2 ወረደ፤ የግፊት ልዩነቱ 41፣ ከኤትሪየም ግምት 15 ጋር ድምሩ 56 ሆነ። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው በሽተኛዋ እየተሻላት ነው ሊል ይችላል። እርሷ ግን በመጀመሪያው ጉብኝት አንድ ፎቅ ትወጣ የነበረች ስትሆን አሁን ከአልጋዋ ተነሥታ መጸዳጃ ቤት ለመድረስ ያቅታታል።

የቀረው የምርመራው ክፍል ሲነበብ ምክንያቱ ይታያል። የቀኝ ቬንትሪክል ሰፍቷል፤ የታችኛው ዋና ደም መልስ ቧንቧ 24 ሚሊ ሜትር ሆኖ አይሸበሸብም፤ የቀኝ ቬንትሪክል መኮማተርን የሚያሳየው መለኪያም ከ20 ወደ 10 ሚሊ ሜትር ወርዷል። ግፊት የሚፈጠረው በተቃውሞና በሚገፋው ደም መጠን ነው። የቧንቧዎቹ ተቃውሞ እንዳለ ሆኖ ልቡ የሚገፋው ደም ሲቀንስ ግፊቱም ይቀንሳል። በተጨማሪም ትራይከስፒድ ቫልቭ በእጅጉ ሲያፈስ የቀኝ ኤትሪየም ግፊት ስለሚያሻቅብ በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለው ልዩነት ይጠባል፤ የሚለካው ፍጥነትም ያነሰ ይሆናል። እንግዲህ የወረደው ግፊት የመዳን ሳይሆን የመሸነፍ ምልክት ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

መጠንና ቅርጽ

የቀኝ ቬንትሪክልን መጠን ለመለካት ከልብ ጫፍ በሚታየው የአራት ክፍሎች ምስል ላይ ፕሮቡን ወደ ቀኝ ልብ በማተኮር ሰፊው የታችኛው ወርድ ይለካል። ከ41 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ ሰፍቷል ይባላል። ከግራው ጋር ሲነጻጸርም የቀኙ ወርድ ከግራው የሚበልጥ ከሆነ የሳንባ ደም ግፊትን የሚጠቁም ምልክት ነው። የግድግዳው ውፍረት ከጎድን አጥንት በታች ሆኖ ሲለካ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ መሆኑ ሸክሙ የቆየ መሆኑን ያመለክታል። ይህም ድንገተኛ የሳንባ ደም ቧንቧ መዘጋትን ከቆየ ሕመም ለመለየት ይረዳል፤ ያልተለማመደ ስስ ቬንትሪክል በአንድ ቀን ውስጥ በጣም ከፍተኛ ግፊት ሊፈጥር አይችልምና።

ሁለቱን ቬንትሪክሎች የሚለየው ግድግዳም ብዙ ይናገራል። በጤናማ ሰው በአጭር ቁርጥ ምስል ላይ የግራው ቬንትሪክል ክብ ነው። የቀኙ ግፊት ሲያይል ግድግዳው ወደ ግራ ተገፍቶ ይለጠጣል፤ ክቡም ጎኑ የተቆረጠ ይመስላል። ይህ መለጠጥ በዋናነት ልብ ሲኮማተር የሚታይ ከሆነ የግፊት ሸክምን፣ ልብ ሲላላ ብቻ ከሆነ የደም ብዛት ሸክምን ያመለክታል። እርስ በርሳቸው ቀጥ ብለው የሚያቋርጡ ሁለት የግራ ቬንትሪክል ወርዶች ተለክተው፣ ከግድግዳው ጋር ትይዩ የሆነው ግድግዳውን ለሚያቋርጠው ሲካፈል ውጤቱ ከ1.1 በላይ መሆኑ ያልተለመደ ነው። የተገፋው ግራ ቬንትሪክል በቂ ደም መሙላት ስለሚያቅተው የቀኝ ልብ ሕመም በቀኝ ብቻ ተወስኖ አይቀርም።

የመኮማተር ብቃት መለኪያዎች

በጤናማ ሁኔታ የቀኝ ቬንትሪክል አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው ከታች ወደ ጫፉ በማጠር ነው። በዚህ ላይ የተመሠረተውና በባለሙያዎች ዘንድ ታፕሲ በመባል የሚታወቀው መለኪያ፣ ልብ ሲኮማተር የትራይከስፒድ ቫልቭ ቀለበት የውጭ ጠርዝ ወደ ልብ ጫፍ የሚጓዘው ርቀት ነው። በኤም ሞድ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሚለካ፣ ውድ መሣሪያ የማይጠይቅ በመሆኑ በየትኛውም ሆስፒታል ሊሠራበት ይችላል። ከ17 ሚሊ ሜትር በታች መሆኑ የብቃት መቀነስን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናትም የሳንባ ደም ግፊት ካለባቸው ሕሙማን መካከል ታፕሲያቸው ከ18 ሚሊ ሜትር በታች የሆኑት በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ያነሰ መሆኑን አሳይቷል።

ታፕሲ ግን ውስንነት አለው። ጨረሩ ከቀለበቱ እንቅስቃሴ ጋር ካልተስተካከለ ርቀቱ አንሶ ይለካል። የልብ ቀዶ ሕክምና ባደረጉ ሰዎች ላይ አጠቃላይ ብቃቱ ሳይቀንስ ታፕሲ ብቻውን ሊቀንስ ይችላል። በአንጻሩ ትራይከስፒድ ቫልቭ በጣም በሚያፈስባቸው ወይም ልቡ በአጠቃላይ በሚወዛወዝባቸው ሕሙማን ላይ ደህና መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለሆነም ከሚከተሉት ቢያንስ ከአንዱ ጋር ማጣመር ተገቢ ነው።

የመጀመሪያው በቲሹ ዶፕለር የሚለካው የዚያው ቀለበት የመኮማተር ፍጥነት ነው፤ ከ9.5 ሴንቲ ሜትር በሰከንድ በታች ሲሆን ዝቅተኛ ነው። ሁለተኛው የስፋት ለውጥ መቶኛ ነው፤ የቀኝ ቬንትሪክል ስፋት ልብ በላላበትና በተኮማተረበት ጊዜ ተለክቶ ልዩነቱ ለመጀመሪያው ይካፈላል። ከ35 በመቶ በታች መሆኑ የብቃት መቀነስ ምልክት ሲሆን፣ ርዝመትን ብቻ ሳይሆን የግድግዳውን ወደ ውስጥ መግባትም ስለሚያካትት የታፕሲን ጉድለት ያሟላል። ሦስተኛው ዘመናዊ መሣሪያ ባለበት የሚለካው የነጻው ግድግዳ የመሸብሸብ መቶኛ ነው፤ የአሉታ ምልክቱ ሳይታሰብ ከ20 በመቶ በታች ሲሆን በአጠቃላይ ያልተለመደ ተደርጎ ይወሰዳል።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የዚህን ጽሑፍ ሐሳብ በአንድ ቁጥር የሚጠቀልለው የታፕሲና የሲስቶሊክ ግፊቱ ንጽጽር ነው። ታፕሲ በሚሊ ሜትር ለግፊቱ በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲካፈል ልቡ ከተጫነበት ሸክም አንጻር ምን ያህል እየሠራ መሆኑን ይናገራል። ከ0.55 በታች መሆኑ የሳንባ ደም ግፊት ጥርጣሬን ያጠናክራል። በሳንባ ደም ቅዳ ቧንቧ ሕመም ላይ ደግሞ ከ0.32 በላይ ዝቅተኛ፣ ከ0.19 በታች ከፍተኛ የሞት አደጋን ያመለክታል። በምሳሌያችን ያለችው ሴት በመጀመሪያ 20 ለ79፣ ማለትም 0.25 ነበራት፤ በኋላ 10 ለ56፣ ማለትም 0.18 ሆነ። ግፊቱ ወረደ፤ አደጋው ግን ጨመረ።

ወደ ኋላ የተጠራቀመው ደምና የሳንባ ቧንቧው ምልክቶች

የቀኝ ኤትሪየም ስፋት ልብ በተኮማተረበት መጨረሻ ላይ ሲለካ ከ18 ካሬ ሴንቲ ሜትር በላይ መሆኑ ያልተለመደ ሲሆን፣ ከ26 በላይ መሆኑ በሳንባ ደም ቅዳ ቧንቧ ሕመም ላይ ከከፍተኛ አደጋ ምልክቶች አንዱ ነው። በልብ ከረጢት ውስጥ ፈሳሽ መገኘቱም እንዲሁ መልካም ያልሆነ ምልክት ነው።

የትራይከስፒድ ፍሰት ሳይገኝ ሲቀር ሕመሙ የለም ማለት አይቻልም። በዚህ ጊዜ ከቀኝ ቬንትሪክል መውጫ ላይ ያለው የደም ፍሰት ይረዳል። ፍሰቱ ከፍተኛ ፍጥነቱ ላይ ለመድረስ ከ105 ሚሊ ሰከንድ ያነሰ ጊዜ የሚወስድበት ከሆነ ወይም በመካከሉ ስንጥቅ የሚታይበት ከሆነ የሳንባ ቧንቧዎች ተቃውሞ መጨመሩን ያመለክታል።

በአገራችን ሁኔታ

በኢትዮጵያ የቀኝ ልብ ካቴተር ምርመራ የሚገኘው በጥቂት ማዕከላት ብቻ ስለሆነ አብዛኛው ውሳኔ የሚሰጠው በአልትራሳውንድ ላይ ተመሥርቶ ነው። ስለዚህ መርማሪው ከግፊቱ በፊት ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ፤ የግራ ልብ እንዴት ነው? በአገራችን የሩማቲክ የልብ ሕመም በወጣቶች ላይ የተስፋፋ በመሆኑ የማይትራል ቫልቭ ጥበት የሳንባ ደም ግፊት ዋነኛ መነሻዎች ከሆኑት አንዱ ነው። በአራት የአፍሪካ አገሮች የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናትም ከሕሙማኑ ከግማሽ በላይ በሚሆኑት መነሻው የግራ ልብ ሕመም መሆኑን አሳይቷል። የሳንባ ነቀርሳ የተወው የሳንባ ጉዳት፣ የማገዶ ጢስ፣ ኤች አይ ቪ፣ ቢልሃርዚያና ሳይታከሙ የቆዩ የአፈጣጠር የልብ ክፍተቶችም ሊታሰቡ ይገባል።

ልዩነቱ የሕይወት ጉዳይ ነው። የጠበበ ማይትራል ቫልቭ በፊኛ ወይም በቀዶ ሕክምና ሲከፈት የሳንባው ግፊት ሊወርድና የቀኝ ልብ ሊያገግም ይችላል። የሳንባ ቧንቧዎችን የሚያሰፉ መድኃኒቶችን ለእንዲህ ዓይነቱ ሕመምተኛ መስጠት ግን ሊጎዳ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የስፔን ጥናት የቫልቭ ሕመማቸው ከታከመ በኋላ የሳንባ ደም ግፊት በቀረባቸው ሕሙማን ላይ ሲልደናፊል ከማስመሰያ ክኒን የከፋ ውጤት እንዳስከተለ አረጋግጧል። ስለዚህ «የሳንባ ደም ግፊት አለ» ብሎ ማቆም ያልተሟላ ምርመራ ነው።

የቦታ ከፍታም ሊታሰብ ይገባል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ትገኛለች። በከፍታ ቦታ የኦክስጅን ማነስ የሳንባ ቧንቧዎችን ስለሚያጠብ፣ በመጠኑ ብቻ ከፍ ያለ ግፊት ሲገኝ ከሕመምተኛው ምልክቶችና ከቀኝ ልቡ ገጽታ ጋር ሳያገናዝቡ መደምደም አይገባም።

የሪፖርት አጻጻፍ

አንድ የተሟላ ሪፖርት የሚከተሉትን ቢይዝ ለሚያክመው ሐኪም ይጠቅማል፦

1. የግራ ልብና የቫልቮች ሁኔታ፣ የግራ ኤትሪየም መጠን፣ የአፈጣጠር ክፍተት መኖር አለመኖሩ፤
2. የተለካው የደም መመለሻ ፍጥነት፣ የምስሉ ጥራትና የተወሰደው የኤትሪየም ግፊት ግምት፤
3. የቀኝ ቬንትሪክል ወርድ፣ የግድግዳው ውፍረትና የመካከለኛው ግድግዳ ቅርጽ፤
4. ታፕሲ እና ቢያንስ አንድ ሌላ የመኮማተር መለኪያ፣ እንዲሁም ታፕሲ ለግፊቱ ሲካፈል የሚገኘው ውጤት፤
5. የቀኝ ኤትሪየም ስፋት፣ የታችኛው ዋና ደም መልስ ቧንቧ ሁኔታ፣ የልብ ከረጢት ፈሳሽ፤
6. ከቀድሞው ምርመራ ጋር የተደረገ ንጽጽር፣ በግፊቱ ብቻ ሳይሆን በሁሉም መለኪያዎች።

ማጠቃለያ

የልብ አልትራሳውንድ የካቴተርን ቦታ ሙሉ በሙሉ አይተካም። ሆኖም በጥንቃቄ ከተሠራና በሙሉ ዓይን ከተነበበ ማን አስቸኳይ ሕክምና እንደሚያስፈልገው፣ ማን ወደ ከፍተኛ ማዕከል መላክ እንዳለበት፣ የማንስ ሕመም በቫልቭ ሕክምና ሊስተካከል እንደሚችል ለመለየት ያስችላል። ግፊት የሸክሙን ክብደት ይነግረናል፤ ተሸካሚው ምን ያህል እንደቀረው የሚነግረን ግን የቀኝ ልብ ነው። ስለዚህ የግፊቱ ቁጥር ዝቅ ብሎ በምናገኝበት ጊዜ ደስታችንን ከመግለጣችን በፊት ታፕሲውን፣ የቬንትሪክሉን ስፋትና የደም መልስ ቧንቧውን እንይ፤ ከሁሉም በላይ ሕመምተኛዋን ደረጃ መውጣት ትችል እንደሆነ እንጠይቃት።